የሜዲኬር የክፍያ ቅነሳና የአረጋውያን የሕክምና መገልገያ አቅርቦት

የሜዲኬር የመገልገያ ክፍያ ቅነሳ በአሜሪካ የሚኖሩ አረጋውያን በቤታቸው የሚጠቀሙባቸውን የሕክምና ዕቃዎች የሚመለከቱ ሕጎችና ደንቦች የጋራ መጠሪያ ነው። እነዚህ ሕጎች ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን ለተሽከርካሪ ወንበር፣ ለኦክስጅን መሣሪያ፣ ለስኳር መለኪያ ስትሪፕና ለመሳሰሉት ዕቃዎች ለአቅራቢ ድርጅቶች የሚከፍለውን ዋጋ በተለያዩ ጊዜያት ዝቅ አድርገዋል። ዋና ዋናዎቹ ቅነሳዎች የመጡት በ1997፣ በ2003፣ በ2005 እና በ2008 በወጡ ሕጎች ነው። ከሁሉም ሰፊውና ብዙ ክርክር ያስነሣው በ2011 ሥራ የጀመረው የጨረታ ሥርዓት ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቅነሳዎቹ የአረጋውያኑን መብት በወረቀት ላይ አልነኩትም ማለት ይቻላል። የመድን ካርዱ ያው ነው፣ ሐኪሙ የሚያዘው ዕቃም ያው ነው። የተለወጠው ዕቃውን ጭኖ እስከ ቤት የሚያመጣው፣ ገጣጥሞ አጠቃቀሙን የሚያሳየውና ሲበላሽ መጥቶ የሚጠግነው ድርጅት የሚያገኘው ገንዘብ ነው። በዚህ ምክንያት ጉዳቱ የታየው «አይከፈልልዎትም» በሚል ደብዳቤ አይደለም። የታየው በመዘግየት፣ በምርጫ መጥበብ፣ ስልክ በማያነሣ አቅራቢና ከበፊቱ ባነሰ ጥራት ነው። የቅነሳው ጥቅምና ጉዳት እስከ ዛሬ የሚያከራክረውም እንዲህ ያለው ጉዳት ለመቁጠር አስቸጋሪ ስለሆነ ነው።

ሜዲኬር የሚከፍልላቸውና የማይከፍልላቸው ዕቃዎች

ሜዲኬር የተቋቋመው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሐምሌ 30 ቀን 1965 በሚዙሪ ግዛት በምትገኘው ኢንዲፔንደንስ ከተማ በፈረሙት ሕግ ነው። የመጀመሪያው ካርድ የተሰጠው ለቀድሞው ፕሬዚዳንት ለሃሪ ትሩማን ነበር። አገልግሎቱ በ1966 ተጀመረ። በመጀመሪያ ዕድሜያቸው 65 ለሞላቸው ብቻ የታሰበ ሲሆን፣ በ1972 በወጣ ማሻሻያ አካል ጉዳተኞችና ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመ ሕሙማን ተጨመሩበት።

በቤት ውስጥ የሚያገለግሉ ዕቃዎች የሚሸፈኑት «ፓርት ቢ» በተባለው ክፍል ነው። አንድ ዕቃ እንዲሸፈን ተደጋግሞ የሚያገለግል፣ ለሕክምና የሚውል፣ ላልታመመ ሰው ብዙም የማይጠቅምና በቤት ውስጥ የሚሠራ መሆን አለበት። ተሽከርካሪ ወንበር፣ ዎከር፣ የሆስፒታል አልጋ፣ የኦክስጅን መሣሪያና ኔቡላይዘር ይህን ያሟላሉ። የስኳር መለኪያና ስትሪፕ፣ ካቴተር፣ እንዲሁም ከአንጀት ቀዶ ሕክምና በኋላ ሆድ ላይ የሚለጠፈው ከረጢት በየራሳቸው ደንብ ይሸፈናሉ። ታካሚው ዓመታዊውን መነሻ ክፍያ ከጨረሰ በኋላ ሜዲኬር ከፈቀደው ዋጋ 80 በመቶውን ይከፍላል፤ 20 በመቶው የታካሚው ድርሻ ነው።

ከዝርዝሩ የጎደለው ብዙ አረጋውያንን ያስገርማል። ሽንት መቆጣጠር ላቃተው ሰው የሚያስፈልገው የአዋቂ ዳይፐር አይሸፈንም። የመስሚያ መሣሪያም ገና በ1965ቱ ሕግ ከሽፋን ውጭ ሆኗል። በመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የሚተከለው መያዣና የሻወር ወንበርም የምቾት ዕቃ ተብለው ይታለፋሉ፤ ሰው ወድቆ ዳሌው ቢሰበር ግን የቀዶ ሕክምናው ወጪ ይሸፈናል። ይህ ጉድለት ከጅምሩ የነበረ እንጂ ቅነሳዎቹ ያመጡት አይደለም። ሆኖም የአረጋውያኑን ኪስ አስቀድሞ የሚያራቁተው እሱ ስለሆነ ቅነሳው ያረፈው በሳሳ ቦታ ላይ ነው።

የቅነሳው ምክንያት

ለቅነሳው በቂ ምክንያት ነበር። የሜዲኬር የዋጋ ሠንጠረዥ የተሠራው አቅራቢዎች በ1980ዎቹ አጋማሽ ያስከፍሉት በነበረው ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ነው። ቴክኖሎጂው እየረከሰ ሲሄድ ሠንጠረዡ ባለበት ቀረ። የጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ዋና መርማሪ በ2006 ያወጣው ዘገባ ይህን በአንድ ዕቃ አሳይቷል። ከአየር ላይ ኦክስጅን የሚለየው ኮንሰንትሬተር የተባለው መሣሪያ አዲሱ በአማካይ 587 ዶላር ይገዛ ነበር። ሜዲኬር ግን ለዚያው መሣሪያ የ36 ወር ኪራይ 7,215 ዶላር ይፈቅድ ነበር። ከዚህ ውስጥ የታካሚው 20 በመቶ ብቻ 1,443 ዶላር ይሆናል። ታካሚው በድርሻው ብቻ ሁለት መሣሪያ መግዛት ይችል ነበር ማለት ነው።

አቅራቢዎቹ ለዚህ የሰጡት መልስም ሊታለፍ አይገባም። በእነሱ አባባል 587 ዶላር የብረቱ ዋጋ እንጂ የአገልግሎቱ አይደለም። መሣሪያውን ቤት ማድረስ፣ አጠቃቀሙን ማስተማር፣ ማጣሪያውን መቀየር፣ መብራት ሲጠፋ ለመጠባበቂያ የሚሆን ሲሊንደር ማምጣት፣ ሌሊት ለሚደውል ታካሚ መልስ መስጠት ሁሉም ወጪ አለው። ሠንጠረዡ ለዕቃውና ለአገልግሎቱ በአንድ ላይ ስለሚከፍል፣ ከመካከላቸው ስንቱ ለየትኛው እንደሚውል ማንም ለይቶ አላወቀም። ክፍያው ሲቀነስም አቅራቢው መቁረጥ የሚችለው አገልግሎቱን ነበር፤ የብረቱ ዋጋ ያው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ማጭበርበር ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ በባትሪ የሚሄድ ዊልቸር ለማያስፈልጋቸው፣ አንዳንዴም ጨርሶ ላልተረከቡ ሰዎች ሂሳብ ይቀርብ ነበር። ሂዩስተን ከተማ በዚህ ስሟ የጎደፈ ስለነበር በ2003 ልዩ ዘመቻ ተከፈተባት። በኋላም አቅራቢዎች የ50,000 ዶላር ዋስትና እንዲያስይዙና በገለልተኛ አካል እንዲመዘኑ ተደረገ።

የኦክስጅን ክፍያ ገደብ

የመጀመሪያው ከባድ ቅነሳ የደረሰው በኦክስጅን ላይ ነው። የ1997ቱ የበጀት ሕግ የኦክስጅንን ክፍያ በ1998 በ25 በመቶ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በተጨማሪ 5 በመቶ ቀነሰ። የ2005ቱ ሕግ ደግሞ የኪራዩን ጊዜ በ36 ወር ወሰነ።

የ36 ወሩ ደንብ እንዲህ ይሠራል። አቅራቢው ለሦስት ዓመት በየወሩ ኪራይ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ኪራዩ ይቆማል፤ አቅራቢው ግን አምስት ዓመት እስኪሞላ ድረስ መሣሪያውን እየጠገነ ማገልገል ይጠበቅበታል። በእነዚህ የመጨረሻ ሁለት ዓመታት የሚከፈለው ለሲሊንደር ሙሌትና በስድስት ወር አንዴ ለሚደረግ የጥገና ጉብኝት ብቻ ነው። በአንድ ቦታ ለሚኖር ታካሚ ደንቡ ብዙ አያስቸግርም። ችግሩ የሚነሣው ታካሚው ሲንቀሳቀስ ነው። ለምሳሌ ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት አዛውንት በአራተኛው ዓመት ወደ ልጃቸው ከተማ ቢዛወሩ፣ አዲሱ አቅራቢ ኪራይ ሳያገኝ ለሁለት ዓመት እንዲያገለግላቸው ይጠየቃል። ሕጉ የቀድሞው አቅራቢ ሌላ እንዲያመቻችላቸው ያዛል። ያም ሆኖ ፈቃደኛ አቅራቢ ማግኘት ብዙ ስልክ መደወልን ይጠይቃል፤ ደዋዩም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ነው።

ከዚህ ሁሉ በጣም የተጎዳው ፈሳሽ ኦክስጅን ነው። ሜዲኬር ለኮንሰንትሬተርም ለፈሳሽ ኦክስጅንም በወር አንድ ዓይነት ዋጋ ይከፍላል። ኮንሰንትሬተር አንድ ጊዜ ቤት ከገባ በኋላ በመብራት ይሠራል። ፈሳሽ ኦክስጅን ግን በየጊዜው በመኪና እየመጣ መሞላት አለበት። ክፍያው እየቀነሰ ሲሄድ አቅራቢዎች ፈሳሹን ተዉት። ሆኖም በደቂቃ ከሦስትና ከአራት ሊትር በላይ ኦክስጅን የሚያስፈልገው፣ ሳንባው የጠበሰ ሰው ከቤት መውጣት የሚችለው በአብዛኛው በዚያው ፈሳሽ ነው፤ በትከሻ የሚንጠለጠሉት ትንንሽ ኮንሰንትሬተሮች ያን ያህል በተከታታይ መስጠት አይችሉም። በ2018 የታተመና ከ1,900 በላይ ታካሚዎች የመለሱበት የአሜሪካ የሳንባ ሐኪሞች ማኅበር መጠይቅ እንዳሳየው፣ ከተጠቃሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ከኦክስጅናቸው ጋር የተያያዘ ችግር ነበረባቸው። ከዚህ በታች የተገለጸው ጨረታ በተካሄደባቸው አካባቢዎች ችግሩ በብዛት ተነግሯል።

የጨረታው ሥርዓት

የ2003ቱ የሜዲኬር ሕግ ዋጋውን በሠንጠረዥ ሳይሆን በጨረታ መወሰን እንዲጀመር አዘዘ። ሐሳቡ ቀደም ሲል በፍሎሪዳ ፖልክ አውራጃና በቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ ተሞክሮ ነበር። በአንድ ከተማ ውስጥ አቅራቢዎች ዋጋ ያቀርባሉ፤ ዝቅተኛ ያቀረቡት ውል ያገኛሉ፤ የቀሩት በዚያ ከተማ ለሜዲኬር ታካሚዎች ያንን ዕቃ ማቅረብ አይችሉም።

የመጀመሪያው ዙር ሐምሌ 1 ቀን 2008 በአሥር አካባቢዎች ተጀምሮ በሁለት ሳምንት ቆመ። ኮንግረሱ የፕሬዚዳንት ቡሽን ተቃውሞ ሽሮ ባወጣው ሕግ ውሎቹን ሰረዛቸው። አቅራቢዎቹ ለዚህ እፎይታ የከፈሉት በ2009 በእነዚያ ዕቃዎች ላይ በመላ አገሪቱ የ9.5 በመቶ ቅነሳ መቀበል ነበር። ጨረታው እንደገና ተካሂዶ በጥር 2011 በዘጠኝ አካባቢዎች ሥራ ጀመረ። ከእነሱም መካከል ማያሚ፣ ዳላስ፣ ክሊቭላንድና ፒትስበርግ ይገኛሉ። ሐምሌ 1 ቀን 2013 ወደ 100 አካባቢዎች ሲሰፋ ዋጋው ከቀድሞው ሠንጠረዥ በአማካይ በ45 በመቶ ወረደ።

ሜዲኬርን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት በምህጻሩ ሲኤምኤስ ይባላል። መሥሪያ ቤቱ በወቅቱ ባወጣው ግምት ጨረታው በአሥር ዓመት ውስጥ ለሜዲኬር ወደ 26 ቢሊዮን፣ ለታካሚዎቹ ራሳቸው ደግሞ ወደ 17 ቢሊዮን ዶላር ያድናል ብሎ ነበር። የታካሚዎቹ ቁጠባ የሚመጣው ዋጋው ሲወርድ የ20 በመቶው ድርሻም አብሮ ስለሚወርድ ነው። በቋሚ ጡረታ ለሚኖር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ስለ ቅነሳው ጉዳት የሚጽፉ ብዙዎችም ይዘነጉታል።

የሚዲያኑ ችግር

ጨረታ ማካሄዱ ሳይሆን የጨረታው ደንብ ነው የኢኮኖሚ ባለሙያዎችን ያስቆጣው። በመስከረም 2010 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው ፒተር ክራምተን የሚገኙባቸው 167 የጨረታ ንድፈ ሐሳብ ባለሙያዎች ለኮንግረሱ ደብዳቤ ጻፉ። እነዚህ ሰዎች በአብዛኛው የጨረታ ደጋፊዎች ናቸው፤ የተቃወሙት ይህኛውን ነው።

ደንቡ ሁለት እንግዳ ነገሮች ነበሩት። አንደኛ፣ ለአሸናፊዎቹ የሚከፈለው ዋጋ ያሸነፉት ዋጋዎች ሚዲያን ነበር። ሚዲያን ማለት ቁጥሮች ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲደረደሩ መሀል ላይ የሚውለው ነው። ሁለተኛ፣ ተጫራቹ ያቀረበው ዋጋ አያስገድደውም ነበር፤ ካሸነፈ በኋላ ውሉን አልፈርምም ማለት ይችላል፣ ቅጣትም የለበትም።

በምሳሌ እንየው። አንድ ከተማ ለአንድ ዕቃ አምስት አቅራቢ ቢያስፈልጋትና አሸናፊዎቹ 60፣ 70፣ 80፣ 90 እና 100 ዶላር ቢያቀርቡ፣ የሁሉም ክፍያ 80 ዶላር ይሆናል። 90 እና 100 ያቀረቡት ሁለቱ ከጠየቁት በታች እንዲሠሩ ይጠየቃሉ። በተለመደው አሠራር የሚከፈለው የመጨረሻው አሸናፊ ዋጋ፣ ማለትም 100 ዶላር፣ ወይም እያንዳንዱ ራሱ ያቀረበው ዋጋ ነው። በሚዲያን ግን ከአሸናፊዎቹ ግማሽ ያህሉ ከገዛ ዋጋቸው በታች መውረዳቸው የደንቡ ተፈጥሮ ነው።

የባሰው የሚመጣው ሁለቱ ደንቦች ሲጣመሩ ነው። ብልጥ ተጫራች እንዲህ ያስባል፦ «10 ዶላር ባቀርብ ማሸነፌ እርግጥ ነው። ዋጋውን የሚወስኑት ሌሎቹ ናቸው። ዋጋው ከተመቸኝ እፈርማለሁ፤ ካልተመቸኝ እተወዋለሁ።» ለአንዱ አደጋ የለውም። ሁሉም እንደዚያ ካሰበ ግን ሚዲያኑ ራሱ ይወርድና ማንም በዚያ ዋጋ ዕቃ ማቅረብ አይችልም። ማንኛውም ፕሮግራም የሚፈተነው ተጠቃሚው ለራሱ የሚበጀውን ብቻ ቢሠራ ምን እንደሚሆን በማየት ነው፤ ይህ ደንብ እንደዚያ አልተፈተነም። በካልቴክ ቻርልስ ፕሎት ከባልደረቦቹ ጋር በቤተ ሙከራ ፈትኖት በ2012 ያሳተመው ጽሑፍም ጨረታው ዋጋን በእጅጉ እንደሚያዛባና ዕቃው ለሚያስፈልገው እንዳይደርስ እንደሚያደርግ አሳይቷል።

ለአረጋዊው ይህ ሁሉ የሚደርሰው በሌላ መልክ ነው። ከብዙ ዓመት ጀምሮ የሚያውቁት የሰፈሩ አቅራቢ ጨረታውን ተሸንፎ ይዘጋል፣ ወይም የሜዲኬር ደንበኛ መቀበል ያቆማል። ያሸነፈው ድርጅት ሌላ ከተማ ያለ፣ ያንን ዕቃ ከዚያ በፊት አቅርቦ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። በ2013ቱ ዙር በቴነሲ ግዛት የሚፈለገው ፈቃድ የሌላቸው ድርጅቶች ሁሉ ውል አግኝተው ስለነበር ውላቸው ተሰርዟል። ከሆስፒታል የሚወጣ ሰው ደግሞ አልጋውን ከአንድ፣ ኦክስጅኑን ከሌላ፣ ዎከሩን ከሦስተኛ አቅራቢ መቀበል ይኖርበታል፤ ሦስቱ በተለያየ ቀን ሊመጡ ይችላሉ። የአቅራቢዎቹ ማኅበር በ2017 ያሠራው ጥናት ሕሙማንና የሆስፒታል ሠራተኞች በዚህ መዘግየት እንደሚቸገሩ ገልጿል። ጥናቱ የተሠራው ጥቅሙ በተነካ ወገን ገንዘብ መሆኑን አንባቢ ልብ ማለት አለበት። የኮንግረሱ የሂሳብ ምርመራ መሥሪያ ቤት በበኩሉ በ2016 ባወጣው ዘገባ፣ በጨረታው አካባቢዎች ዕቃ የተቀበሉ ሰዎች ቁጥር መቀነሱን መዝግቦ፣ ሰፊ የአቅርቦት ችግር ግን አላየሁም ብሏል። የቀነሰው ቁጥር ያላስፈለገው ዕቃ መቅረቱን ነው ወይስ ያስፈለገው አለመድረሱን? የሂሳብ መዝገብ ብቻውን ይህን አይለይም።

የስኳር ስትሪፕ

ስትሪፕ ከሌሎቹ ዕቃዎች ይለያል፤ በየቀኑ ያልቃል። ሜዲኬር በሦስት ወር ኢንሱሊን ለሚወስድ 300፣ ለማይወስድ 100 ስትሪፕ ይፈቅዳል። በፖስታ የሚላኩት ስትሪፖች ከሐምሌ 2013 ጀምሮ በአገር አቀፍ ጨረታ ሥር ሲገቡ ዋጋው በ72 በመቶ ወረደ። መቶ ስትሪፕ ከመውጊያው ጋር በአማካይ 77.90 ዶላር የነበረው 22.47 ዶላር ሆነ። የታካሚው ድርሻም ከ15.58 ወደ 4.49 ዶላር ወረደ። ከዚያው ቀን ጀምሮ ፋርማሲ ሄዶ ለሚገዛም ሜዲኬር የሚከፍለው ዋጋ ከፖስታው ጋር እኩል ሆነ። ለመላው አገር በፖስታ እንዲያቀርቡ ውል የተሰጣቸው 18 ድርጅቶች ብቻ ነበሩ።

በ22 ዶላር የታወቁትን ዓይነቶች ማቅረብ የማያዋጣቸው አቅራቢዎች ርካሽ ዓይነቶችን ማቅረብ ጀመሩ። ስትሪፕ ደግሞ ከመለኪያው ጋር ካልገጠመ አይሠራም። ታካሚው ስትሪፑን ለመቀየር መለኪያውንም መቀየር አለበት። ለወጣት ሰው ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ዓይናቸው ለደከመ፣ የአዝራሩን ቦታ በእጃቸው ለለመዱ የ80 ዓመት ሰው ግን አዲስ መለኪያ ማለት ብዙ ጊዜ መለካት ማቆም ማለት ነው። ኮንግረሱ ይህን በመገመት ተጫራቾች በገበያው ካሉት ዓይነቶች ቢያንስ ግማሹን እንዲይዙና ታካሚው መለኪያ እንዲቀይር እንዳይገፋፉ አስቀድሞ ደንግጎ ነበር። ደንቡ በበቂ ስላልተከበረ በ2018 ማጠናከር አስፈልጓል።

በጉዳዩ ላይ ከወጡት ጥናቶች በጣም ያነጋገረው በ2016 «ዳያቤቲስ ኬር» በተባለው መጽሔት የታተመው ነው። ተመራማሪዎቹ በ2011 ጨረታ የተጀመረባቸውን ዘጠኝ አካባቢዎች ከሌሎቹ ጋር አነጻጽረው፣ ኢንሱሊን ከሚወስዱት መካከል ስትሪፕ በከፊል ብቻ የሚያገኙት ወይም ጭራሽ የማያገኙት ቁጥር መጨመሩን፣ በእነዚህ ሰዎችም ላይ ሆስፒታል መተኛትና ሞት በርክቶ መታየቱን ጻፉ። ሲኤምኤስ በራሱ ክትትል እንዲህ ያለ ጉዳት እንዳላገኘ ገልጿል። ጥናቱ ተያያዥነትን እንጂ ምክንያትን አያረጋግጥም፤ መለካት ያቆመ ሰው ቀድሞውንም የባሰበት ሊሆን ይችላል። የመሥሪያ ቤቱ ክትትል ደግሞ የሚያየው የተከፈለ ሂሳብን ነው፤ ታካሚው ያልጠየቀው ስትሪፕ በሂሳብ ላይ አይታይም።

ወደ ገጠር የወረደው ዋጋ

የ2010ሩ የጤና ሕግ በጨረታ የተገኘው ዋጋ ጨረታ ወዳልተካሄደባቸው ቦታዎች ሁሉ በ2016 እንዲዛመት አዘዘ። በጥር ግማሽ ያህሉ፣ በሐምሌ ሙሉው ቅነሳ ተግባራዊ ሆነ። የከተማው ጨረታ አሸናፊ ዋጋውን ሲያቀርብ የሚያሰላው በአንድ ጉዞ ብዙ ቤት እንደሚያደርስና፣ ተሸናፊዎቹ ስለሚወጡለት ደንበኛ እንደሚበዛለት ነው። የገጠሩ አቅራቢ ሁለቱም የሉትም። ለአንድ ሲሊንደር ብዙ ኪሎ ሜትር ይነዳል፣ ውል ስለሌለም ደንበኛ አይጨመርለትም፤ የተሰጠው ዝቅተኛው ዋጋ ብቻ ነው።

በከተማ ውል ያለው አቅራቢ ሜዲኬር የፈቀደውን ዋጋ ተቀብሎ ከታካሚው 20 በመቶ ብቻ እንዲወስድ ይገደዳል። ከጨረታው ውጭ ያለ አቅራቢ ግን ይህን አልቀበልም ሊል ይችላል። ያን ጊዜ የፈለገውን ዋጋ ከታካሚው በቅድሚያ ያስከፍላል፤ ታካሚው በኋላ ከሜዲኬር የሚመለስለት ከተፈቀደው ዝቅተኛ ዋጋ 80 በመቶው ነው። ለሐኪም ክፍያ ያለው የዋጋ ጣሪያ ለእነዚህ ዕቃዎች የለም። በዚህ መንገድ መንግሥት የቀነሰው ዋጋ በአረጋዊው ላይ ጭማሪ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ኮንግረሱ በ2016 መጨረሻ ወደ ኋላ ተመልሶ የዓመቱን ሁለተኛ አጋማሽ ቅነሳ አለዘበ፤ ከሰኔ 2018 ጀምሮ ደግሞ ለገጠር የተሻለ ዋጋ ተመለሰ። በመካከሉ የዘጉት ድርጅቶች ግን ዋጋው ሲመለስ አብረው አልተመለሱም።

በዚህ ላይ ከሚያዝያ 2013 ጀምሮ በመላው ሜዲኬር ላይ የሚወርደው የ2 በመቶ የበጀት ቅነሳ አለ። በወረርሽኙ ጊዜ ተቋርጦ በ2022 ተመልሷል።

ከ2019 በኋላ

ውሎቹ በ2018 መጨረሻ ሲያበቁ ጨረታው ለሁለት ዓመት ቆመ፤ ማንኛውም የተመዘገበ አቅራቢ ማቅረብ ቻለ። በዚህ ጊዜ ደንቡ ተስተካከለ። ሚዲያኑ ቀርቶ የሚከፈለው ከፍተኛው አሸናፊ ዋጋ ሆነ፣ ተጫራቾችም የ50,000 ዶላር ዋስትና እንዲያስይዙ ተደረገ። ባለሙያዎቹ ከአሥር ዓመት በፊት የጠየቁት ይህንኑ ነበር። በአዲሱ ደንብ የተካሄደው ጨረታ ውጤት በጥቅምት 2020 ሲታወቅ ግን፣ ሲኤምኤስ ከጀርባና ከጉልበት መደገፊያ በስተቀር በሌሎቹ 13 የዕቃ ዓይነቶች የተጠበቀው ቁጠባ አልተገኘም ብሎ ተዋቸው። ይህ ውጤት የቀድሞው 45 በመቶ ቅነሳ ምን ያህሉ እውነተኛ ቁጠባ፣ ምን ያህሉ የተዛባ ደንብ ፍሬ እንደነበረ እንደገና ያስጠይቃል። የመደገፊያዎቹም ውል በ2023 መጨረሻ አበቃ። በ2025 ሲኤምኤስ ጨረታውን እንደገና ለመጀመር፣ ኢንሱሊን የሚረጩ ፓምፖችንና ስኳርን ያለማቋረጥ የሚለኩ መሣሪያዎችንም ለማስገባት ሐሳብ አቅርቧል።

ከ2023 ወዲህ ከሜዲኬር ተጠቃሚዎች ከግማሽ በላይ የሆኑት ያሉት በግል መድን ድርጅቶች በሚካሄደው ሜዲኬር አድቫንቴጅ ውስጥ ነው። እነዚህ ድርጅቶች ከአቅራቢዎች ጋር የሚዋዋሉት በራሳቸው ዋጋ ነው፤ ለብዙ ዕቃዎችም ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ለእነዚህ አረጋውያን የመንግሥቱ ሠንጠረዥ መነሻ እንጂ የመጨረሻ ቃል አይደለም።

ዕቃ የተከለከለ ሰው ይግባኝ ማለት ይችላል። በመደበኛው ሜዲኬር የመጀመሪያው ይግባኝ ውሳኔው በደረሰ በ120 ቀን ውስጥ ይቀርባል፤ ከዚያ በላይ እስከ ፌዴራል ፍርድ ቤት የሚደርሱ አራት ደረጃዎች አሉ። በየግዛቱ ሺፕ የተባለ ነጻ የምክር አገልግሎት በዚህ ይረዳል። ሆኖም ይግባኝ የሚባለው በክልከላ ላይ ነው። አቅራቢ ለጠፋበት ወይም ዕቃው ለዘገየበት ሰው ይግባኝ የሚልበት ውሳኔ በእጁ የለም።

ከውጭ የመጡ አረጋውያን

የአሜሪካ ዜግነት ያገኙ ልጆች ወላጆቻቸውን ከኢትዮጵያ ሲያመጡ ወላጆቹ ወዲያው ሜዲኬር አያገኙም። አሜሪካ ውስጥ ሠርተው ግብር ያልከፈሉ ከሆነ፣ ግሪን ካርድ ይዘው አምስት ዓመት በተከታታይ መኖር አለባቸው፤ ከዚያም በወርሃዊ ክፍያ ይገባሉ። ለድሆች በሚሆነው ሜዲኬይድም ብዙ ጊዜ የአምስት ዓመት ጥበቃ አለ። በዚህ መካከል ዊልቸርም ሆነ ስትሪፕ ከልጆቻቸው ኪስ፣ ወይም ያገለገሉ ዕቃዎችን ተቀብለው ከሚያውሱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ይመጣል። የፈቀደው ዋጋ ጉዳይ ለእነዚህ ቤተሰቦች ጨርሶ አይነሣም፤ የሚከፍሉት የገበያውን ሙሉ ዋጋ ነው።

ሐምሌ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ደግሞ ከዋጋ አልፎ ሽፋኑን ራሱን ነካ። በዚህ ሕግ መሠረት ሜዲኬር የሚያገኙት ዜጎች፣ የግሪን ካርድ ባለቤቶችና ሌሎች ጥቂት የተዘረዘሩ ወገኖች ብቻ ናቸው። ጥገኝነት ያገኙና በስደተኝነት የገቡ ሰዎች ግሪን ካርድ እስኪይዙ ድረስ ከዚህ ውጭ ሆነዋል። ሠርተው የሜዲኬርን ግብር የከፈሉም ቢሆኑ ሕጉ አይለያቸውም። ቀድሞ ሜዲኬር ውስጥ የነበሩት ሽፋናቸው የሚቋረጠው ሕጉ በወጣ በ18 ወር ውስጥ፣ ማለትም እስከ ጥር 2027 መጀመሪያ ነው።